የካቦ ሐጎስ ስንዝር

መቀሌ ወርክሾፕ በገባሁ ዕለት ካቦ ሐጎስ የሰጡኝ ትምህርት አንድ ነበር። የብረት ዱቄት የሚረጨውን መሣሪያ፣ እኛ ሽጉጥ የምንለውን፣ ከሻፍቱ አራቁና ርቀቱን በእጃቸው ለኩ። «ወዲ ወሎ፣ አንድ ስንዝር። አትራቅ፣ አትቅረብ» አሉኝ፤ የወሎ ልጅ ስለሆንኩ የሚጠሩኝ እንዲህ ነበር።

ሥራችን የተበላ ሻፍት፣ ማለትም የሚዞር የማሽን ብረት፣ መሙላት ነበር። የተበላውን ቦታ በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ እናስተካክላለን፤ በአየር ግፊት አሸዋ ረጭተን እናሻክረዋለን፤ እናሞቀዋለን። ከዚያ በኦክሲጅንና በአሴቲሊን እሳት ዱቄቱን እያቀለጥን በሚዞረው ሻፍት ላይ እንረጫለን። ዱቄቱ ትኩስ እንዳለ ከደረሰ ይነክሳል። መንገድ ላይ ከቀዘቀዘ እንደ ቅርፊት ይላጣል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህን የተማርኩት እያየሁ ነው።

ሽጉጡ ለእኔ የተሰጠኝ ሁለት ዓመት ወርክሾፑን ከጠረግሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ወፍጮ ቤት ያላቸው የወይዘሮ ለተብርሃን ሻፍት ነበር። በሳምንቱ ተላጦ ተመለሰ። ደግሜ ሞላሁት፤ ደግሞ ተላጠ።

ወይዘሮ ለተብርሃን ቅርፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡና ፊቴ ዘረገፉት። «ስማ ወደይ፣ ልጄ፣ ሰው ዱቄቱ ጎደለ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ከዚህ ልሙላለት?»

ካቦ ሐጎስ አልሳቁም። «ሦስተኛ ከተላጠ ሽጉጡን አስረክበህ ወደ መጥረጊያህ ትመለሳለህ» አሉኝ።

ቤት ውስጥ ልጆቼ ለጥፋታቸው ሰበብ ሲያቀርቡ አልታገሥም። በዚያ ሰሞን ግን እኔው ሰበብ ስደረድር ከረምኩ። ዱቄቱ ረጥቧል አልኩ፤ አደረቅሁት። እሳቱ ልክ አይደለም አልኩ፤ አስተካከልኩት። ቁራጭ ብረት ላይ ስሞክረው አሁንም ተላጠ።

«ካቦ፣ እሳቱን ሳይነኩ እርስዎ ይርጩልኝ» አልኩ። ረጩ። ሙሌቱን በመሮ ብንመታው አልለቀቀም። እሳቱ አንድ፣ ዱቄቱ አንድ። የተለየው እጅ ብቻ ነው።

«ስንዝርዎን እዚህ ይዘርጉልኝ።»

«ምነው፣ ቀለበት ልትገዛልኝ ነው?» ብለው ዘረጉ። የእኔን አጠገቡ ዘረጋሁ። ስንዝራቸው የሚያበቃበትን የመሐል ጣታቸውን ጫፍ ቶርኖ ከቆረጠው ቆይቷል። በየቀኑ የምናየው ጣት ነው፤ ማናችንም አላሰብነውም። የእኔ ስንዝር በሁለት ጣት ስፋት በለጠ።

ካቦ ሐጎስ ጣታቸውን ጥቂት አዩት። «ሓቅኻ፣ እውነትህን ነው። የጎደለው የእኔ ነው፤ ሳልነግርህ አስተማርኩህ» አሉ።

በእሳቸው ስንዝር ልክ የብረት ዘንግ ቆረጥኩ። ሽጉጡንም በእጅ መያዝ ትቼ፣ ርቀቱን በዘንጉ ለክቼ ቶርኖው ላይ አሰርኩት። የወይዘሮ ለተብርሃንን ሻፍት ለሦስተኛ ጊዜ ሞላሁት።

ክረምቱ አለፈ፤ ወፍጮው አልቆመም። በመስከረም ወይዘሮ ለተብርሃን መጥተው ነጠላቸውን ፈቱ። «የጥሕሎ ገብስ ዱቄት ነው። በእጅህ እየው፤ ብረት የለበትም» አሉ። ያን ጊዜ ካቦ ሐጎስ ሳቁ።

ዘንጉን ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማስጨብጠው እሱን ነበር። ሽጉጡን ማንም አልነጠቀኝም።

ስንዝር ከሰው ሰው ይለያያል። ርቀት በብረት ይለካል።