ማይነሷን አጥፊያት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት፣ ስምንተኛ ክፍል ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ። እጄ ላይ ቾክ፣ ከኋላዬ ሃምሳ ተማሪ፣ ከተማሪዎቹ ጀርባ ደግሞ ሁለት ገምጋሚዎች። በመምህርነት ልቀጠር ዴሞ እያሳየሁ ነው።

ለማታውቁት... ዴሞ ማለት እውነተኛ ክፍል ያስገቡሽና አንድ ክፍለ ጊዜ ታስተምሪያለሽ፣ እነሱ ከኋላ ተቀምጠው ነጥብ ይሰጡሻል።

ሥራውን በጣም ነው የፈለግኩት። በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ ሆኜ ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የዩኒቨርሲቲው ዲፓርትመንት ረዳት መምህር ሲቀጥር የወሰደው ግን ከእኔ በታች የነበረውን ልጅ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ላንቺ በሚቀጥለው ዙር» አሉኝ። ይኸው ዙሩን ስጠብቅ ታቦር ሰፈር እናቴ ቤት ተቀምጫለሁ።

የዴሞው ርዕስ የማይታወቅ ቁጥር መፈለግ ነበር። ጥያቄውን ከትምህርት ቤቱ ወርክሺት የመረጡልኝ አንደኛው ገምጋሚ፣ የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ናቸው። «አባት 38 ዓመቱ ነው፣ ሴት ልጁ 8 ዓመቷ። ከስንት ዓመት በኋላ የአባትየው ዕድሜ የልጅቷን ስድስት እጥፍ ይሆናል?»

የማናውቀውን ዓመት x አልነው። 38 + x = 6(8 + x) ብለን ጻፍን። ቅንፉን ፈታን፣ x ያለውን ወደ አንድ ወገን ሰበሰብን፣ −10 = 5x ላይ ደረስን።

«ስለዚህ x ስንት ነው?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሁለትትት!» አለ።

ዞር አልኩ። «ማይነሷስ?»

ፊት የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዓመት ኔጋቲቭ አይሆንም። ማይነስ ከመጣች እናጠፋታለን።»

«ማነው አጥፉ ያላችሁ?»

ሃምሳ አንገት ወደ ኋላ ዞረ... ወደ ክፍል ኃላፊው።

ሰውየው ተነሱ። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። «እህቴ፣ ወርክሺቱ ላይ መልሱ ሁለት ነው። ስንት ዓመት ያስተማርንበት ነው። ማይነሷን አጥፊያትና ቀጥይ።»

አጠገባቸው የነበሩት ምክትል ርዕሰ መምህሯ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ ሰሌዳው ድረስ መጥተው ዳስተሩን አቀበሉኝ። በሹክሹክታ «የኔ ልጅ፣ ለአንዲት ሰረዝ ብለሽ የእንጀራሽን በር አትዝጊ። አጥፊያትና ሥራሽን ጀምሪ» አሉኝ።

አልዋሻችሁም... ዳስተሩን ተቀበልኩ። እጄም ተነስቶ ነበር። አንድ ጊዜ ጠረግ ማድረግ ነው፣ ማንም አይሞትም።

ግን ልጆቹ እያዩኝ ነው። ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እሺ፣ በሁለት እንሞክራት። ከሁለት ዓመት በኋላ አባት ስንት ይሆናል?»

«አርባ!»

«ልጅቷስ?»

«አስር!»

«አርባ የአስር ስንት እጥፍ ነው?»

«አራት!» አሉና... ራሳቸው ደነገጡ። ስድስት ነበር መምጣት የነበረበት።

ያቺ ቀጭን ልጅ ሳታስፈቅድ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ወደ ኋላ ብንቆጥርስ? ከሁለት ዓመት በፊት አባት ሠላሳ ስድስት፣ ልጅቷ ስድስት... ስድስት እጥፍ! አልፏል እኮ!»

አልፏል እኮ...

ጥያቄው «ከስንት ዓመት በኋላ» ስላለ ብቻ መልሱ ከፊታችን አይቆምም። ማይነሷ «አትጠብቁ፣ ያ ቀን ሄዷል» ነው የምትለው። ይህን ስንት ጊዜ ሰርቼዋለሁ፣ ለራሴ ግን አንድም ቀን አልሰራሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጣይ ዙር፣ ቀጣይ ዙር እላለሁ... የእኔ ዙር ያኔ ነበር። ወሰዱብኝ። በቃ።

ኃላፊው አሁን ረጋ አላሉም። «አንቺ፣ የመጣሽው ልትቀጠሪ ነው ወይስ እኛን ልታርሚ?»

«ጋሼ፣ እርስዎን አላረምኩም። ወርክሺቱን ነው።»

ከኋላ አንድ ተማሪ ሳቀ። ሥራው እዚያች ሳቅ ላይ እንዳለቀ ገብቶኛል። የእጄን ቾክ አራግፌ ወጣሁ።

ሐሙስ ምክትሏ ደወሉልኝ።

«የኔ ልጅ፣ ወርክሺቱን አስተካክለነዋል። ኔጋቲቭ ሁለት ተብሏል። ልጆቹም ያቺ ቲቸር የት ሄደች እያሉ አስቸገሩን።»

«ደስ ይላል። ሥራውስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ እንኳን ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።»

መልሴን ቀጠሩት፣ እኔን ተዉኝ ማለት ነው።

ሰኞ ባህል አዳራሽ አካባቢ ሌላ ዴሞ አለኝ... እነዚህኞቹ መልሴን ከወደዱት ከነባለቤቱ ይቅጠሩት።