በሐሩር ወር የኡሙልኸይር ቄቦች

ዶሮ ላብ የላትም። ሰው ሲሞቀው ያልበዋል፤ ላቡን ነፋስ ሲመታው ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ዶሮ ግን ያላት አፏን ከፍታ ማለክለክ፣ ክንፏን ከጎኗ ማራቅና ቀዝቃዛ አፈር መፈለግ ብቻ ነው። እንቁላል መጣል ያልጀመረች ቄብ ከሆነች ደግሞ አቅሟም ትንሽ ነው። ይህን ላወቀ ሰው፣ ከዋጃ በስተምዕራብ ተራራው ግርጌ የነበረውን የኡሙልኸይርን ግቢ ማየት እንዴት ያስደስት ነበር! እያንዳንዱ ነገር እዚያ የተቀመጠበት ምክንያት ነበረው።

የዶሮ ቤቱን የሠራችው ከማሽላ አገዳ ነው። አገዳውን አላጠጋጋችውም፤ ነፋሱ በአንዱ ወገን ገብቶ በሌላው እንዲወጣ በመሀሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትታለች። በባላ ከመሬት ከፍ አድርጋ፣ ጣሪያውን በሣር አወፍራ፣ ጥላው ከረፋድ እስከ ማታ ከማይለይ ትልቅ ቁርቁራ ዛፍ ሥር አቆመችው። ለውሃ አንገቱ የተሰበረ እንስራ ትጠቀማለች፤ እሱንም እስከ አፉ ድረስ መሬት ውስጥ ትቀብረዋለች። እርጥብ ሸክላና ጥልቅ አፈር ውሃውን ያቀዘቅዙታል። ለምን ይህን ያህል ትደክማለች? ዶሮ ሙቅ ውሃ ቀመስ አድርጋ ትተወዋለች፤ ካልጠጣች ደግሞ ማለክለኩ ራሱ ያደርቃታል። እህል የምትበትነው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ ነው፤ የተበላ እህል ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ሙቀት ይጨምራልና። በጣም በከፋው ቀን ጆንያ አርጥባ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ትሰቅላለች።

ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራትም። ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ሲተኛ እሷ ዶሮዎቿ የት እንደሚጋደሙ ትመለከታለች። የተነሱበትን ቦታ በመዳፏ ትነካለች፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ካገኘችው ለምን እንደቀዘቀዘ ትፈልጋለች። ጎረቤቷ አባ ታሂር በዚህ ይስቁባት ነበር።

«አንቺ ኡሙልኸይር፣ እኔንም ከዚያ ጆንያ ሥር አስገቢኝ እንጂ!»

«አንቱ እንቁላል አይጥሉ፣ ምን ያደርጉልኛል?»

«ሞክሬ አላውቅም እኮ።»

ቄቦቹ ሰባት ነበሩ፤ እህቷ ካዋሰቻት አንዲት ዶሮ የተፈለፈሉ። የታሰቡትም ለአንድ ነገር ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ልጇ ዚነት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ጡቷ ደረቀ። ለአራስ የሚሆን የዶሮ መረቅ ይቅርና የማሽላ አጥሚት እንኳን አልነበረም። ሕፃኑ ብዙ አልቆየም። የኡሙልኸይር ባልም በዚያው ዓመት አረፈ። አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ዚነት ዳግመኛ አርግዛለች፣ ባሏ ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል። ሐምሌ ሲገባ ለመውለድ ከጎብዬ ወደ እናቷ ትመጣለች። ኡሙልኸይርም በአራስነቷ ሳምንታት በየተራ የሚታረድላት ዶሮ እንዳይጠፋ ቆርጣ ተነስታለች። የልጇ ጡት በዚህ ካልሞላ በምን ይሞላል?

ግንቦት ላይ የመንደር ምስረታው ትእዛዝ ደረሰ። በተራራው ግርጌ ተበታትኖ የሚኖረው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ ከመኪናው መንገድ አጠገብ ባለው ሜዳ በመስመር እንዲሰፍር ተባለ። ሜዳው ላይ አንድም ዛፍ የለም። የኡሙልኸይር ቤት የጣሪያ ሣር ሲነሳ ምስጥ በልቶት ኖሮ ዱቄት ሆነ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታረቀኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሳዘነችውና ከፈረሰ መጋዘን የተረፈ ቆርቆሮ አሰጣት።

«እትዬ ኡሙልኸይር፣ ቆርቆሮ ቤት ገቡ! ከእንግዲህ ከተሜ ነዎት።»

«አላህ ይስጥህ ልጄ። ዛፉንስ የሚሰጠኝ ማነው?»

«ዛፍማ ይተከላል። እቅዱ ላይ አለ።»

«ዶሮ እቅድ አይገባት፣ የኔ ልጅ።»

ቄቦቹን ጎህ ሲቀድ በሰፊ ቅርጫት ይዛ ወረደች፤ ፀሐይ ሳትበረታም ደረሰች። እስከዚህ ድረስ አንድም ነገር አልተሳሳተችም።

በዚያ አገር ዶሮ ከቤት ወደ ቤት ስትዛወር ትከደናለች። ቅርጫት ይደፋባታል፣ ላዩ በጨርቅ ይሸፈናል፣ አዲሱን ቤት እስክትለምድ ሦስት ቀን በጨለማ ትቆያለች። ነገሩ ከንቱ አይደለም፤ ያልተከደነች ዶሮ ባገኘችው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ድሮ ግቢዋ ትመለሳለች። ኡሙልኸይርም እናቷ ታደርግ እንደነበረው አደረገች። ሰባቱን ቄቦች ከቤቱ ጥግ፣ ከቆርቆሮው ሥር አስቀምጣ ቅርጫቱን ደፋችባቸው። በአሮጌ ጋቢ ሸፈነችው። ውሃም አኖረችላቸው። ይህ ልማድ ከሣር ጣሪያ ሥር የመጣ መሆኑን አላሰበችውም፤ ማንስ አስቦት ያውቃል? ሣር ፀሐይን ከላይ ያስቀራል። ቆርቆሮ ግን ራሱ ይግልና ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል። ጋቢው ደግሞ ነፋሱን ዘጋ። ሰባት ዶሮ አንድ ላይ ሲታፈን አንዱ ለሌላው እሳት ነው። አገዳን ጣት በሚያስገባ ክፍተት የደረደረች ሴት ይህን ማወቅ አያቅታትም ነበር፤ ግን እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደውን ሲሠራ አላስቆመችውም።

ወዲያው ፊሽካ ተነፋ፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ምሰሶ ለመትከል ወጣ። ቀትር ላይ አናቷን የመታት ፀሐይ አስደነገጣት።

«ታረቀኝ፣ አንዴ ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ሁሉም እንዲህ ካለ ቤቱ መቼ ያልቃል እትዬ? ትንሽ ነው የቀረን።»

ትንሽ አልነበረም የቀረው። ስትመለስ ፀሐይ ወደ ተራራው አዘቅዝቃ ነበር። ከቅርጫቱ ድምፅ አይሰማም። ጋቢውን ገፈፈችው። አራቱ ተደራርበው ሞተዋል። ሦስቱ አንገታቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ዶሮዋን ውሃ ውስጥ ይነክራታል። ኡሙልኸይር አልነከረችም፤ የጋለ ሰውነት ባንዴ ሲቀዘቅዝ ያንኑ የቀረውን አቅም ያጣል። ነፋስ ወዳለበት አወጣቻቸው። ውሃ በያዘ ጣባ ውስጥ እግራቸውን ብቻ አቆመች፣ ምንቃራቸውን በጣቷ አረጠበች፣ በነጠላዋ ጫፍ አራገበችላቸው። ሁለቱ ቀስ በቀስ ዓይናቸውን ገለጡ። ሦስተኛዋ እጇ ላይ ሞተች።

አባ ታሂር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቤቱን እንዲለምዱ ብዬ ከደንኳቸው፣ አባ ታሂር።»

ሽማግሌው የሞቱትን አዩ፣ ጣሪያውንም አዩ። «እኛንስ ከድነውን የለ» አሉ። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቀችም። «ሁለት ተርፈውልሻል። አልሃምዱሊላህ በይ።»

«አልሃምዱሊላህ። ግን ሁለት ቄብ ለአራስ ምን ይሆናታል?»

ሳይታረዱ የሞቱት ለመብል እንኳን አልሆኑም፤ ኡሙልኸይርና ሽማግሌው ተጋግዘው ቀበሯቸው።

በማግሥቱ የተረፉትን ለመክደን እጇ እምቢ አላት። ለቀቀቻቸው። ከሥራ ስትመለስ አንደኛዋ የለችም። ኡሙልኸይር የት እንደሄደች አላጣችውም፤ ወደ ተራራው ግርጌ ወጣች። ከፈረሰው ቤቷ፣ ከቁርቁራው ሥር የተበተነ ላባ አገኘች። ሸለምጥማጥ ቀድሟታል።

የመጨረሻዋን በገመድ እግሯን አስራ ከቤቱ ኋላ ጉድጓድ ቆፈረችላት። ላዩን በአገዳ ጋረደች፤ የጉድጓዱን አፈር ጠዋት እሷ ታረጥባለች፣ ቀትር ላይ ሥራ ላይ ስለምትሆን አባ ታሂር ያረጥቡላታል። እንዴት ያለ ጥሩ ሥራ ነበር! ከታች ያለው አፈር የላዩን ያህል አይግልም፤ ቄቧም ሆዷን እርጥቡ ላይ ለጥፋ ቀኑን ሙሉ ሳታለከልክ ትውላለች። በመጀመሪያው ቀን ቢቆፈር ኖሮ ሰባቱንም ይይዝ ነበር። ይህን ኡሙልኸይር ጉድጓዱን ባየችው ቁጥር ታስበዋለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችውም።

ዚነት ሐምሌ እንደገባ ወንድ ልጅ ወለደች። አባ ታሂር ቢስሚላህ ብለው ቄቧን አረዱ። ቄብ ሥጋ የላትም፤ መረቁ ቀጭን ነበር። ዚነት እስከ መጨረሻው ጠጣችው። በማግሥቱ ጡቷ ትንሽ አጋተ። ሕፃኑ ይይዘዋል፣ ጥቂት ይስባል፣ ለቆት ያለቅሳል።

«እማዬ፣ ሌላ ዶሮ አለ?»

ኡሙልኸይር ነገ ይታረዳል ልትል አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

«የለም ልጄ። ያቺ ብቻ ነበረች የቀረችው።»

ዚነት ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረችው። «በዚህኛው ይሻል ይሆናል» አለች። እናቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ሕፃኑ ጉሮሮ አስጠጋች። አንድ ጊዜ ሲውጥ ሰማችው። ሁለተኛውን ስትጠብቅ ለቀቀና ማልቀስ ጀመረ።