«ይበቃል» ባዩ ወንድሜ

ሰፈሩ ወንድሜን «አብቃቂው» ነው የሚለው። ልብስ ሰፊ ነው። ሌላ ሰፊ ጋ ሄዳችሁ «ይሄ ጨርቅ አይበቃም፣ ጨምራችሁ ኑ» ተብላችሁ እንደሆነ ቀጥሎ የምትመጡት እሱ ጋ ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋዋል፣ በመዳፉ ያብሰዋል፣ ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ወዲህም ወዲያም ይለካል። ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ትንሽ ዝም ይላል። እናንተ ደግሞ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። በመጨረሻ «ይበቃል» ይላል። ሁልጊዜ ይሄንኑ ነው የሚለው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብሬው ስሠራ፣ ቅዱና ስፌቱ የሱ፣ ቁልፍና እጥፋቱ የኔ፣ «አይበቃም» የምትል ቃል ካፉ ስትወጣ ሰምቼ አላውቅም።

እንዴት እንደሚያብቃቃው አይጠየቅም። የኮሌታውን ውስጥ ከገበር ያወጣዋል፤ የኪሱን ከረጢት ከሌላ ጨርቅ ይሠራዋል፤ እጅጌው ካጠረ ይቀጥልና መገጣጠሚያውን ማንም በማያየው በብብት በኩል ይሰውረዋል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የሟች ባሏን ካፖርት ይዛ መጥታ ለሁለቱ ልጆቿ አንዳንድ ኮት ይወጣው እንደሆነ ጠየቀችው። እኔ በሆዴ «አበደች» አልኩ። እሱ ግን ካፖርቱን ሙሉ ቀን ሲያገላብጥ ውሎ ሁለት ኮት አወጣላት፤ በተረፈው ደግሞ ለሴትየዋ የእጅ ቦርሳ ሰፋላት። ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እሱ ዞር ብሎ ያልጋለ ካውያ ነካካ።

ይሄን ከአባታችን ነው የወረሰው። አባታችንም ሰፊ ነበር፤ ጨርቅ ያጠረበት ሰው መጀመሪያውኑ ቢኖረው ያመጣ ነበር፣ አይበቃም ማለት እርቃንህን ሂድ ማለት ነው ይል ነበር። ወንድሜ፣ እኔ «ጋሼ» የምለው፣ ይሄንን ይዞ አደገ፣ ይዞም ሸመገለ። ደግ ነገር ነው፤ አልክድም። ይሄው ደግ ነገር ግን ሊገድልብኝ ነበር።

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። እሱ ሚስቱ ከሞተችበት፣ እኔ ባሌ ከሄደብኝ ወዲህ፣ እንኳን ሄደ፣ በአንድ ቤት ነው የምንኖረው። ፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ጀርባው መኖሪያ። ምላሴ ስለሚወጋ «መርፌ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ስኳር ከያዘው ወዲህ ደግሞ ለደንበኛ ሁሉ «እኔ ላይ የታዘዘብኝ ሁለት መርፌ ነው፤ አንደኛውን እኔው እወጋዋለሁ፣ ሁለተኛዋ እሷው ትወጋኛለች» እያለ ያስቃቸዋል። ደስ ይለኛል፤ ባልስቅለትም።

ስኳሩ ከያዘው ቆይቷል። ኢንሱሊኑን ጠዋትና ማታ፣ ከመብላቱ በፊት ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይወጋል። ሲሪንጁን ልክ ክር እንደሚያስገባ ሰው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ ልኩን ያያል። መድኃኒቱ የሚገኘው በማዘዣ ነው። ሐኪሙ ለተወሰኑ ወራት የሚያገለግል ማዘዣ ይጽፍለታል፤ በየወሩ ፋርማሲ ሲሄድ ፋርማሲስቷ ማህተም ታሳርፍበትና የወሩን ትሰጠዋለች። ማህተሙ ሲሞላ ክሊኒክ ተመልሶ፣ ደም ሰጥቶ፣ ሐኪም አይቶት አዲስ ይጻፍለታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። ግን ማህተሙ የሚሞላበት ቀንና ሐኪሙ የሚገኝበት ቀን ተገናኝተው አያውቁም። አንዴ የደም መመርመሪያው ተበላሽቷል ይባላል። አንዴ የድሮው ሐኪም ተዛውሮ አዲሱ ፋይሉን ሳላይ አልጽፍም ይላል፤ አንዴ ደግሞ ፋይሉ ራሱ ይጠፋል። በሽታው ነው እንጂ የማይጠፋው!

ባለፈው ማህተሙ ሲሞላ ጋሼ እንደወትሮው ፋርማሲ ሄደ። ይሄ አልቋል፣ ያሳድሱት ተባለ። ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ሄደ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አገላብጣ አይታ ሐኪሙ ሰው እንደሞላበት፣ የተገኘው ቀጠሮም ከወር በኋላ እንደሆነ ነገረችው። ከዚያ፣ ይሄንን እንኳ በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ፣ «አባቴ፣ እጅዎ ላይ ያለው እስከዚያ ይበቃዎታል?» ብላ ጠየቀችው።

ምን ብሎ የሚመልስ ይመስላችኋል? እጁ ላይ ያለው የብልቃጡ ሩብ አይሞላም። «ይበቃል» ብሏት ቀጠሮውን ተቀብሎ መጣ። ሰው ይበቃል ወይ ብሎ ሲጠይቀው አፉ ቀድሞ ይመልሳል፤ እጁ ነው በኋላ መላውን የሚፈልገው። ለኔም ቤት መጥቶ «ቀጠሮ ሰጡኝ» ብቻ አለኝ። ቀጠሮ መሰጠት ደህና ነገር አይደል? እኔም «ደህና» ብዬ ቁልፌን መትከል ቀጠልኩ።

ከዚያ ውሃ አበዛ። የስፌት መኪናው አጠገብ ጆግ ሙሉ ውሃ ያስቀምጣል፣ ሳይቆይ ባዶ ይሆናል። ሙቀቱ ነው ይላል። ቶሎ ቶሎ ወደ ጓሮ ይወጣል። ክር ማስገባት ሲያቅተው «መርፌ፣ ነይ አስገቢልኝ» ማለት ጀመረ። ዕድሜ ነው አልኩ፤ እሱም ዕድሜ ነው አለ፤ ተስማማን። ፊቱ ገርጣ ሲል እንቅልፍ እንዳጣ አድርጎ ያወራኛል። ያለ እንቅልፍ ደግሞ ማን ያልገረጣ አለ?

አንድ ቀን ከሰዓት የሱን ግራጫ ሱሪ ልተኩስ ካውያ አጋልኩ። ወገቡ ላይ ስደርስ ካውያው እንቅፋት እንደመታው ሁሉ ደንቀፍ አለ። ገልብጬ አየሁት። የጀርባው ስፌት ጠብቧል፤ ክሩ አዲስ ነው። ከሱ አለፍ ብሎ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ የተሰፋ ሌላ መስመር አለ። ሁለት ጊዜ ነው የጠበበው። የወንድሜን እጅ አውቀዋለሁ፤ እንዲያ ያለ ደቃቅ ስፌት የሚሰፋ ሌላ ሰው በዚህ ሰፈር የለም። ሌላውን ሱሪ አወጣሁ። ያውም ጠብቧል። ሦስተኛውም እንደዚያው።

ክው አልኩ። ሌላ ሰው ሲከሳ ሱሪው እየወለቀ ያስቸግረዋል፣ ቀበቶ ያጠብቃል፣ ያየው ሁሉ «ምነው ከሳህ?» ይለዋል። ጋሼ ግን ሱሪውን አብሮት እያከሳ ነበር። ለዚህ ነው ማናችንም ያላየነው።

ካውያውን ነቅዬ ፍሪጁን ከፈትኩ። ብልቃጡ እዚያው በሩ ላይ ነው። አዲስ አይደለም፤ ክዳኑ ላይ ያለችውን ጭረት አውቃታለሁ። ድሮ አልቆ መጣል የነበረበት ብልቃጥ፣ ዛሬም ሥሩ ላይ ጠብታ አለው። በአንድ እጄ ብልቃጡን፣ በሌላው ሱሪውን አንጠልጥዬ ሱቅ ገባሁ። ደንበኛ አልነበረም፤ ቢኖርም አልመለስም ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ብልቃጡን አየ፣ ሱሪውን አየ። መዋሸት አይችልበትም።

«አላቋረጥኩም እኮ» አለኝ። «እያብቃቃሁ ነው።»

የማታውን መርፌ ከተወው ሰንብቷል። የጠዋቱን መጀመሪያ በግማሽ ቀነሰው፤ ከዚያ ግማሹንም ከፈለው። ልክ እንደ ካፖርቱ። ደሜ ፈላ። ያልኩትን ሁሉ ብናገረው እናንተም ታፍራላችሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፣ አንተ ደግሞ መድኃኒቱ ማለቁንም ደበቅክ አልኩት። ሰውነትህ የማን እራፊ መሰለህ አልኩት። ሜትሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ ሰማኝ። ስጨርስ፣ ሐኪሙ ሰው በዝቶበታል አሉ፣ ከኔ የባሰበት ይኖራል ብዬ ነው አለ። እዚህ ላይ አንጀቴን በላው። ቁጣዬ እንባ ሆነ፤ እንባ ሲሆንብኝ ደግሞ ይብስ ተናደድኩ።

ሱቁን ዘግቼ እጁን ይዤ ፋርማሲ ወሰድኩት። ፋርማሲስቷ ጣቱን ወግታ ደሙን በመለኪያው ለካች። መለኪያው ቁጥር አላወጣም። ስኳሩ ከሚለካው በላይ ሲሆን ቁጥሩን ትቶ ፊደል ነው የሚያወጣው፤ ያንን አወጣ። ፊቷ ልውጥ አለ። ብልቃጡ መቼ እንደተከፈተ ጠየቀችን፣ ነገርናት። ከተከፈተ ወር ያለፈው ኢንሱሊን ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፣ ያቺ ሲወጋት የነበረችው ትንሿም በቅጡ እየሠራችለት ላይሆን ይችላል አለች። አብቃቂው ይሄንን አያውቅም ነበር። ጨርቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ያው ጨርቅ ነው። ፊቱ ላይ ፍርሃት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለምን አልቆብኛል አላሉም አለችው። መድኃኒት ላለቀበት ሰው ክሊኒኩ ውስጥ በየቀኑ የሚያዝ ቦታ አለ፣ የዚያኑ ዕለት ነው የሚጻፍለት። ግን ለተናገረ ሰው ነው። አሁን ወሬውን ተዉትና ክሊኒክ ግቡ፣ ቁጭ እንኳ እንዳትሉ አለችን።

ክሊኒኩ መንገዱን ተሻግሮ ነው። እሷኑ መሻገር አቃተው። በረንዳው ላይ ምሰሶውን ተደግፎ ሲያለከልክ ትንፋሹ ከመጠን በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። እግዜር ያሳያችሁ፣ የሰፈሩን ትከሻ ሁሉ ለክቶ ያለበሰ ሰው፣ የራሱ ኮት እንጨት ላይ እንደተሰቀለ ሆኖበት።

ካርድ ክፍል ያቺው ልጅ ናት። ካርዱን ተቀብላ አየችና «አባቴ፣ ቀጠሮዎ እኮ ገና ነው» አለች በትሕትና። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ከኋላችን ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ከዚያ ሳታስበው፣ ለሁሉም እንደምትለው፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው።

«እጅዎ ላይ ያለው እስከዚያ ይበቃዎታል?»

አፌን ከፈትኩ። ጋሼ ክንዴን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ፤ ዝም በይ ማለቱ ነው። ሜትሩን ሳያወልቅ ነው የመጣው፤ ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጁ ይዞ አንገቱን ዘንበል አደረገ። ጨርቅ ፊት የሚቆመው እንደዚህ ነው። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ፤ ከኋላዋ የምትመጣውንም ቃል አውቃታለሁ።  አሁን «ይበቃል» ካለ ይሄ ሰው ከእጄ ወጣ አልኩ በሆዴ።

«አይበቃም፣ ልጄ» አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። ድምፁ ደክሞ ስለነበር ያልሰማችው መሰለው መሰለኝ፣ ደገመላት።

«አይበቃኝም። ያን ጊዜም አልበቃኝም ነበር።»

ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ድንገተኛ ክፍል አስገቡት፣ ክንዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ሰቀሉለት፣ ኢንሱሊን ጀመሩለት። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶኝ፣ ትንሽ ቀን ብትቆዩ ኖሮ በእግሩ አይመጣም ነበር አለኝ፤ ሌላ ሌላም አለኝ፣ እሱን ልተወው። ልጅቷ ሥራዋን ስትጨርስ መጥታ አልጋው ግርጌ ቆመች። ያን ጊዜ ነው በፊት ምን ጠይቃው ምን እንደመለሰላት የነገረችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። አንቺ ምን አጠፋሽ፣ ጠይቀሽዋል አልኳት። ቀጥዬ ግን፣ እኔ ነኝና፣ ሽማግሌ ይበቃኛል ቢልሽ ብልቃጡን አሳየኝ ብትይው ምን ይልሻል አልኳት። አሁን አሁን ሰዉን ሁሉ ብልቃጥ ታስመጣለች አሉ። ደግ አደረገች።

ጋሼ ዳነ። አዲስ ማዘዣ አለው፤ የመጨረሻው ማህተም ሳያርፍበት እኔው ነኝ ከስፌት መኪናው ላይ አስነሥቼ የምሰደው። ጨርቅ ላይ አልተለወጠም። ትናንት እንኳ አንዷ ከመሐረብ ትንሽ የምትበልጥ ጨርቅ ይዛ መጥታ «ለልጄ ቀሚስ» አለችው። ለክቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ «ይበቃል» አላት። ዓይኔን ሳፈጥበት «ለጨርቁ ነው ያልኩት» አለኝ።

ሥጋው ሲመለስለት ሦስቱንም ሱሪ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። «ወገቡን ልቀቂልኝ፣ አላስተነፍስ አለኝ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። እንዴት አድርጌ ነው የምለቀው ብዬ ተጨነቅኩ። ይሄን ያህል የጠበበ ሱሪ ትርፉ ተቆርጦ ነው የሚጣለው፤ ካልተቆረጠ ጀርባ ላይ ይቆረቁራል። ግራጫውን አንሥቼ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። ጨርቁ አለ። የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አልተቆረጠም። አጣጥፎ፣ አስተኝቶ፣ በደቃቅ ስፌት ያዝ ያዝ አድርጎ ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ለካ ካውያዬን ያደናቀፈው እሱ ነው። ሌሎቹንም ፈታሁ፤ እንደዚያው ናቸው።

«ለምን አልቆረጥከውም?» አልኩት።

መኪናውን መርገጡን ሳያቋርጥ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ «እመለሳለሁ ብዬ ነዋ» አለኝ።

 አቀርቅሬ የቀረውን ክር መዘዝኩና ወገቡን ለቀቅኩለት።