ኛቦል የሌለችበት አዳራሽ

11፡30 ንጋት፣ ጋምቤላ ከተማ። ላፕቶፔን በፎጣ ጠቅልዬ ከሾፌሩ ከኦሞድ ባጃጅ ገባሁ። የባሮ ወንዝ ገና በቅጡ አይታይም፤ ሙቀቱ ግን ነቅቷል። ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ በስድሳ ስምንት ዓመቴ የድምፅን መንገድ እንደ ብርሃን ጨረር የሚስል ፕሮግራም ብቻዬን ተምሬአለሁ። በዚህ ክልል ሁለተኛ ካለ ይምጣና እንተያይ።

"ጋሼ፣ ድምፅ በኮምፒውተር ይታያል?"

"ለሚያውቅ ይታያል።"

"እንግዲያው የባጃጄን ጩኸት ይዩልኝ፤ ሞተሩ ነው ወይስ እርጅና?"

1፡10። ወደ ጀዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን። ቀይ አቧራ፣ የማንጎ ክምር፣ ዓሣ በገመድ ያንጠለጠሉ ልጃገረዶች።

2፡00። ከመንገዱ ገባ ብላ ካለች መንደር ደረስን። የጠራችኝ ነርሷ ሲስተር ትግስት ናት። ባለፈው ሳምንት በመንደሯ አዳራሽ ስለ ተቅማጥ አስተምራ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች እናት ግን በቅጡ ሳትሰማ፣ ለተቅማጥ የሚጠጣውን የኦአርኤስ ዱቄት በአንድ ሊትር ውሃ ፈንታ በአንድ ሲኒ በጥብጣ ለልጇ ሰጠች። ሕፃኑ ለጥቂት ተረፈ። ዛሬ ትምህርቱ ይደገማል፤ እኔም የተጠራሁት ድምፁ ከኋላ እንዲሰማ ላስተካክል ነው።

አዳራሹን በሜትር ለካሁ፤ ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ስክሪኑ ላይ ሲስተር የምትቆምበት ቦታ ነጥብ አኖርኩ። ጨረሮቹ ከግድግዳ ግድግዳ ነጠሩ፤ ወንበሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ፤ ድምፅ ደረሰ ማለት ነው። ብቻዋን እንድትናገር አደረግሁ፤ ከመጨረሻው ወንበር ትንፋሿ ሳይቀር ተሰማኝ።

"አለቀ!" አልኩ።

ትምህርቱ ሲጀመር የኋላ እናቶች እጃቸውን አወዛወዙ። አይሰማም! ስክሪኑን አየሁ፤ አረንጓዴ። እናቶቹን አየሁ፤ ግራ ገብቷቸዋል። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ቆርቆሮው እንዳያስተጋባ ሰሌን አሰቀልኩ። ያው ነው። እኔ ተሳስቼ ይሆን ብዬ አላሰብኩም፤ ልምዱ የለኝም።

ወደ ኑዌር ቋንቋ የምታስተረጉመው ኛቦል በትከሻዬ በኩል አጎነበሰች።

"አባባ፣ ይሄ ነጥብ ማን ነው?"

"ሲስተር።"

"እኔስ የት ነኝ?"

የለችም። እናቶቹ የሚሰሙት እሷን ነው፤ እኔ ደግሞ አርባ ዓመት እዚህ ኖሬ በአንድ አፍ ብቻ የሚካሄድ ስብሰባ አላየሁም!

"ሲስተር፣ አትጠብቂኝም እኮ" አለች ኛቦል። "ሳልጨርስ ሌላ ትጀምሪያለሽ። ቆርቆሮው ያንቺን ድምፅ እኔ ላይ ይደፋዋል።"

"በሽተኛ ተሰልፎ እየጠበቀኝ ምን ላድርግ?"

"ሰልፉ ይቆይ። የነዚህ እናቶች ልጆች ይብሳሉ።"

እንደገና ተጀመረ። ኛቦል ስትናገር እጇን ታነሳለች፤ ጨርሳ፣ ቆርቆሮው ጸጥ ሲል ታወርዳለች። እስከዚያ ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ያችኑ በሲኒ የበጠበጠችውን እናት አስነሳቻት። ሴትዮዋ የቀረበላትን ሲኒ በእጇ ገፋ አድርጋ ትልቁን የሊትር ጠርሙስ አነሳች፤ እስከ አፉ ውሃ ሞላችና አንዱን ከረጢት ዱቄት ጨመረች። ሲስተር ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ።

8፡00፣ ከኦሞድ ጋር የመልስ ጉዞ።

"ምን ገጠሙላቸው፣ ጋሼ?"

"ምንም።"

"ግድግዳ አፈረሱ?"

"የለም።"

"ታዲያ ምን ሠሩ?"

ላፕቶፔን ደግሜ በፎጣ ጠቀለልኩ። ቤቴ እንደደረስኩ ሁለተኛ ነጥብ ጨመርኩ፤ የኛቦልን ስም ጻፍኩበት። ፕሮግራሙን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ ባይ ነኝ። አንዷ ነጥብ ሌላዋን እንድትጠብቅ የሚያዝ ቁልፍ ግን እስኪመሽ ፈልጌ አጣሁት።