የፍሪጅ ሐኪሙ ፈተና

ፍሪጅ ጥገና ያስተማሩኝን ሰው በስማቸው የጠራቸው ተማሪ አላስታውስም። ሁላችንም «ዶክተር» ነበር የምንላቸው። የተበላሸ ፍሪጅ ሲመጣላቸው መጀመሪያ መፍቻ አያነሱም። ጎንበስ ይሉና ጆሯቸውን ኮምፕረሰሩ፣ የፍሪጇ ሞተር ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ልቧ ደህና ነው፤ የታመመው ቱቦዋ ነው» ይላሉ። ብዙ ጊዜ አይሳሳቱም። ሲሳሳቱ ደግሞ ጥፋቱ የፍሪጇ ነው።

ወርክሾፑ ከሙያ ማሠልጠኛው ሕንፃ ጀርባ ነበር፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ ረጅም የብረት ጠረጴዛ። ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መፍቻ ቅርጽ በቀይ ቀለም ተሥሏል። አንዷ ከቦታዋ ከጠፋች እስክትገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ዛሬም የብየዳ ሽታ ሲሸተኝ ያ ክፍል ፊቴ ድቅን ይላል። በክፍሉ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ ፍሪጅ ልታጸጂ ነው ወይ የመጣሽው እያሉ ሲያሾፉብኝ፣ ዶክተር ጠርተውኝ ጆሮዬን ኮምፕረሰሩ ላይ አስደገፉኝ። የሰማሁትን ስነግራቸው፣ ከዚህ ሁሉ ሰው ጆሮ ያላት እሷ ናት አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይንካኝ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት በየዓመቱ አንድ ነበር። አሮጌ ፍሪጅ መሃል ይቆማል። ዶክተር ሁለቱንም መስኮት ይከፍቱና ቀጭኗን የመዳብ ቱቦ በፒንሳ ቅርጥ ያደርጓታል። ጋዙ ፍሽሽ ብሎ ሲወጣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። «ተንፍሺ እናቴ» ይሏታል ፍሪጇን፤ እኛ እንስቃለን። ፍሽታው ሲያልቅ ሥራ ይጀመራል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አስተማሩ፤ እሳቸውም የተማሩት እንዲሁ ነው።

እኔ ተመርቄ እዚያው ረዳት አስተማሪ በሆንኩ በአራተኛው ዓመት ማሠልጠኛው ከአንድ የውጭ አገር ተቋም ጋር በትብብር መሥራት ጀመረ። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፣ አዲስ ማሽንም መጣ። አንዲት የውጭ ባለሙያ በአስተርጓሚ እያስተረጎመች፣ ከፍሪጅ የምንለቀው ጋዝ አየር ላይ ወጥቶ እንደማይጠፋ፣ ምድርን እንደሚያሞቅ አስረዳችን። ከእንግዲህ ጋዙ በማሽኑ ተስቦ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። መምህራን ሁሉ ሠልጥነው ይፈተናሉ፤ የወደቀ ወርክሾፕ ገብቶ አያስተምርም።

ዶክተር እጃቸውን አወጡና የአንድ ፍሪጅ ጋዝ ምን ያህል ያሞቃል ብለው ጠየቁ። እንደ ጋዙ ዓይነት ይለያያል፣ ግን የአንዳንዱ አሮጌ ፍሪጅ ጋዝ መኪና ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድቶ ከሚያወጣው ጭስ አያንስም አለቻቸው። ዶክተር እርሳስ አውጥተው የሠላሳ ዓመቱን ፍሪጅ ማባዛት ጀመሩ። መሃል ላይ እርሳሱን አስቀመጡት። ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሰው ያኮረፉ መስሎት ነበር። አላኮረፉም፤ ቅስማቸው ነው የተሰበረው።

ሥልጠናው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዶክተር ከሁላችን ቀድመው ይመጡ ነበር። ማሽኑን ደብተራቸው ላይ ከነብሎኑ ሣሉት፤ በጽሑፍ ፈተናውም አንደኛ ወጡ። የተግባሩ ፈተና ሲደርስ ግን የእሳቸው ፈታኝ የሆንኩት እኔ ነኝ፤ ባለሙያዋ አስቀድማ እኔን ለዚሁ አዘጋጅታኝ ነበርና። የውጤት ወረቀቱን ስትሰጠኝ ፍም ያስጨበጠችኝ ነው የመሰለኝ። ዶክተር ያለ ወርክሾፕ ምን ይሆናሉ? ጥርሳቸውን የነቀሉበት ቦታ ነው።

በፈተናው ቀን ጋዋናቸውን አሳጥበው መጡ። እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ኮምፕረሰሩን አዳመጡ። ቀና ሲሉ ማሽኑ በቀኛቸው ነበር። እጃቸው ግን ወደ ግራ ሄዶ ፒንሳውን አነሳ። ፈታኝ አይናገርም። ቅርጥ። ፍሽሽ።

የተቆረጠውን ቱቦ በአውራ ጣታቸው ደፈኑት። ጋዙ በጣታቸው ሥር እያመለጠ ቆዳቸውን በቅዝቃዜ ነጭ እስኪያደርገው ድረስ አልለቀቁም። ባለሙያዋ ጥግ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ሌላ መምህር ትፈትናለች፤ የእነሱ ማሽን እየጮኸ ስለነበር አልሰማችም። ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሰማ ሰው የለም። «ጋሼ፣ በሌላ ፍሪጅ እንደገና ይጀምሩ፤ ማንም አልሰማም» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«አንቺ ሰምተሻል» አሉኝ። «ጆሮሽን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሰማሽውን ጻፊ።»

ጻፍኩ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የከበደኝ ያ አንድ መስመር ነው። ድጋሚ መፈተን ይቻል ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ጭንቅላቴ ገብቶታል፣ እጄ ግን አልገባውም፤ ተማሪ የሚያየው እጅን ነው አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ። እኔ ወርክሾፑን ተረከብኩ። በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ ዓይኔ ወደ ግምጃ ቤቱ በር ይሄድ ነበር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳቸውም። ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። አንድ ቀን ባለቤታቸው መንገድ ላይ አገኙኝና የቤታቸው ፍሪጅ ከቆመ ሰባት ወር እንደሆነው፣ ዶክተርም ሊነኩት እምቢ እንዳሉ አማረሩልኝ። የፍሪጅ ሐኪም አግብቼ ውሃዬን በባልዲ አቀዘቅዛለሁ አሉ፤ እየሳቁ ነው፣ ግን ምርር ብሏቸዋል።

በማግስቱ አስፈቅጄ ማሽኑን በታክሲ ጭኜ ሄድኩ። ዶክተር በሩን ከፍተው ከእኔ በፊት ማሽኑን አዩት። ፍሪጁ ወጥ ቤቱ ጥግ ቆሟል፤ ውስጡ ሳህንና ብርጭቆ ተደርድሮበታል። «ልቧ ቆሟል» አሉኝ፣ «ጋዙ ግን ውስጧ አለ። ልቀይርላት ብል መጀመሪያ ማስተንፈስ ሊኖርብኝ ነው።» ለምን አልጠሩኝም ስላቸው፣ የትምህርት ቤት ማሽን ለቤቴ ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ አሉ። አንጀቴን በሉት።

የማሽኑን ቱቦ እሳቸው ገጠሙት። ጊዜ ወሰደ፤ እኔም አላገዝኳቸውም። ማሽኑን ከማስነሳታችን በፊት፣ የሚያመልጥ ጋዝ እንዳለ ለመስማት ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጆሯችንን መጋጠሚያው ላይ አስጠጋን።

«ምን ይሰማሻል?» አሉኝ እንደ ድሮው።

«ምንም አይሰማም፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ሳይከፍቱ «በይ» አሉኝ፣ «እሱንም ጻፊው።»