የጋሽ ደበበ ብሎኖች

ባለፈው ዓርብ ዓሣ ልገዛ ወደ አስጋሪዎቹ ዳርቻ ወርጄ ሳለ አንድ ሽማግሌ ጀልባውን በጨርቅ እየቀባ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ሻርፔን አፌ ላይ ጠቅልዬ ቆምኩ። የሻርክ ጉበት ዘይት ነው። የማያውቀው ሰው ባለማወቁ አምላኩን ያመስግን። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ዝንብ መሀል፣ ስንት ዘመን ያላሰብኩት ሰው ትዝ አለኝ፤ ጋሽ ደበበ።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው በወደቡ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ነበር። እናቴ ፈረንጆች ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የማያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው። ያሳደገችኝ ታናሽ እህቷ ስንዱ ናት። በራችን ከጋሽ ደበበ በር ጋር ፊት ለፊት ይተያያል፤ የልጅነቴ ትልቁ መከራም ይኸው ነበር። ሰውየው ከድሬዳዋ የመጣ ብረት ሠራተኛ ነው። ለሁለት በተቆረጠ በርሜል ውስጥ የሻርክ ጉበት ያፈላል። ጉበቱ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ፣ አረንጓዴ ዝንብ ወሮት፣ ቀልጦ ቡናማ ዘይት ይሆናል። በዚያ ዘይት እንጨት ይቀባል፣ ብሎን ይነክራል፤ ከዚያ በዚያው እጁ ዳቦ ቆርሶ ይበላል። ጫት ሲቅም ደግሞ አረንጓዴ ምራቁን የወተት ጣሳ ውስጥ ጢቅ ያደርጋል። ጣሳው የሚቀመጠው ልክ በራችን ትይዩ ነው። ሽታው የትምህርት ቤት ሸሚዜ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ አጠገቤ የሚቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙብኝ ነበር። ስንዱ በረኪና በባልዲ በጥብጣ ደጃፋችንን ስትፈትግ ትውላለች።

«ጋሽ ደበበ፣ አንጀቴ ሊወጣ ነው፤ እባክህ ራቅ አድርገህ አፍላው» ትለዋለች።

«ባሕር ብረት ሲበላ አላየሽም» ይላትና ማማሰሉን ይቀጥላል።

ሥራው በትንንሽ የአሉሚኒየም ጀልባዎች ላይ ሞተር መግጠም ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ሁሉ ጥቁር ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውም በበኩሉ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ተራ የጀልባ ሞተር እዚያ ውስጥ ታንቆ ይቀራል። የጭቃ ሞተር የሚሉት ግን ረጅም ዘንግ ስላለው ጭቃውን እየቧጠጠ ያልፋል። ክፋቱ ዘንጉ ድንጋይ ወይም ሥር ሲነካ መዝለሉ ነው። ጀልባው ስስ ላሜራ ነው፤ ሞተሩን በሁለት የእጅ ማጥበቂያ ብቻ ቆንጥጠው ካሰሩት ወይ ላሜራውን ይቀደዋል፣ ወይ ተነቅሎ ይሰምጣል። ስለዚህ ጋሽ ደበበ የጀልባውን የኋላ ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም ወፍራም ጣውላ ያለብሰዋል። ብረቱና አሉሚኒየሙ እንዳይበላሉ በመሀላቸው የከባድ መኪና የውስጥ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቆርጦ ይደርባል። በትራፓኖ በስቶ ብሎን ያሳልፋል፤ ሰፊ ሮንዴላ ይደርብና በዳዶ ያጠብቀዋል። ሁሉንም በዚያ ቀፋፊ ዘይት ያርሰዋል። ሲጨርስ ዘንጉ ላይ በሙሉ ክብደቱ ተቀምጦ ይዘላል፣ ቦርጩ እየተናጠ። ጣውላው ሲጢጥ ካለ ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። እኔ በመስኮት ሳየው ሱሪው ላይ የተለጠፈው የዓሣ ቅርፊት ያንገሸግሸኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ግማት መሀል ግቢያችን የሚመጣ አንድ ደስ የሚል ሰው ነበር። ካሳሁን ይባላል። ፈረንሳይኛ ጣል ጣል ማድረግ ስለሚወድ ሴቶቹ «ሙሴ ካሳ» እያሉ ይቀልዱበታል። ነጭ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ ነው፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ በር ይገባል። ከረሜላ ይሰጠኛል። ሥራው ወደ የመን የሚሄዱ ልጆችን ማሻገር ነበር። ትልቁ ጀልባ ጭቃው ድረስ ስለማይቀርብ ሰዎቹን በትንሽ ጀልባ ጥልቁ ውሃ ድረስ ያደርሳቸዋል። የሰው ቤት መጥረግ ያንገፈገፋት ስንዱም ልትሻገር ከሱ ጋር ተነጋግራ ጨርሳ ነበር። እኔ አለቅሳለሁ፤ እሷ ሳዑዲ ገብታ እንደምታስመጣኝ ትምልልኛለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ካሳሁን ጀልባና የጭቃ ሞተር በፒክአፕ አስጭኖ መጣ። ስንዱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። እኔ ጥላው ላይ ተቀምጬ የሰጠኝን ከረሜላ እመጥጣለሁ።

«ብሎን እንዳትመታበት ጋሽዬ» አለው። «በማጥበቂያው ብቻ ይያዝ። ቶሎ እንዲፈታ ነው የምፈልገው።»

«ሰው አይደል እንዴ የምትጭነው?» አለ ጋሽ ደበበ።

«የባሕር ጠባቂዎች ከመጡ ነጂው ልጅ ሞተሩን ነቅሎ ትልቁ ጀልባ ላይ ይወጣል። ቱ ኮምፕራን፣ ገባህ? ጀልባዋ ቆርቆሮ ናት። ሞተሩ ከዳነ ሌላው እዳው ገብስ ነው።»

ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎኝ ሄደ። «ሌላው» ያላት ስንዱን እንደሆነ ልጅም ብሆን ገብቶኛል። ከረሜላውን ተፋሁት። ሽቶው ጉንጬ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በስንዱ በረኪና ፈተግኩት።

ለስንዱ የሰማሁትን ነገርኳት፤ እንዳትሄድ የፈጠርኩት መሰላት። ጋሽ ደበበም በሩ ላይ ቆሞ «ከዚህ ሰው ጋር አትሂጂ» አላት። «ሽታህ ሳያንስ ምክርህ» ብላ ሳቀችበት።

እሱም ወደ በርሜሉ ተመለሰ። በማግስቱ የካሳሁንን ጀልባ ጣውላ አለበሰ፣ በሳ፣ ብሎኖቹን አሳለፈ፣ ዳዶዎቹን አጠበቀ። ከዚያ ከዳዶው የተረፈውን የብሎን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ አጠፍጥፎ እንደ ምስማር ራስ አደረገው። ያን የሚፈታ ቁልፍ የለም። በመጨረሻ ከበርሜሉ ሥር የተቃጠለ የጉበት ዝቃጭ በእጁ እየዛቀ ብሎኖቹን ሁሉ ለቀለቃቸው። ከላይ የሚታዩት የእጅ ማጥበቂያዎቹ ብቻ ነበሩ። እኔ በሩን ይዤ አስታወከኝ። ካሳሁን ሊረከብ ሲመጣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ከሩቅ አየና «ጫኑት» አለ። ቀርቦ መንካት ተጠየፈ።

«አሁን ሞተሩን የሚፈልግ ጀልባውንም ይወስዳል» አለ ጋሽ ደበበ፣ ፒክአፑ ሲርቅ ጣሳው ውስጥ ጢቅ ብሎ።

ስንዱ አምሽታ ሄደች፤ በማግስቱ ረፋድ ላይ ፀጉሯ ድረስ ጭቃ ለብሳ፣ ባዶ እግሯን ተመለሰች። የነገረችኝ ቆይታ ነው። ትልቁ ጀልባ ጎን ደርሰው ገና ማንም ሳይሻገር የጠባቂዎች መብራት ይታያል። ነጂው ልጅ ማጥበቂያዎቹን ፈታ፤ ሞተሩ አልነቃነቅ አለው። እጁ ዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ እየተሳደበ ሲታገል ትልቁ ጀልባ እሱንም ትቶት ሄደ። መዋኘት አይችልም። እያለቀሰ ሞተሩን አስነሣና ሁሉንም በጭቃው ላይ ወደ ዳርቻ መለሳቸው።

የካሳሁን ሰዎች ሲመጡ ጋሽ ደበበ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ወጥቷል። ድሬዳዋ ገባ ያለ አለ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ኦቦክ ነው ያለ አለ። ቤቱን ሰባብረው በርሜሉን ግቢው መሀል ገለበጡት። ግማቱ ክረምቱን ሙሉ አልለቀቀንም። ስንዱ ግን ያን ክረምት በረኪና አልበጠበጠችም።

ዛሬ ስንዱ አርጅታ ከኔ ጋር ትኖራለች። ያን ዓርብ ዓሣዬን ይዤ ስገባ ሻርፔን ልትሰቅልልኝ ተቀበለችኝ። አፍንጫዋ ጋ አስጠጋችውና ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ላጥበው ስላት ታቅፋው «ይቆይ» አለችኝ። በዚያ ሙቀት ሽታው ቤቱን ሞላው። እኔን አሁንም ያቅለሸልሸኛል። መስኮቱን ግን አልከፈትኩም።