መምህር ሰጠኝና የሰኔ አሥራ አራቱ ማሳሰቢያ

የመምህር ሰጠኝን ነገር ስጽፍ ከጥሩው ልጀምር፤ መጥፎው እንደሆነ የትም አይሄድብኝም።

ሰጠኝ የአማርኛ መምህር ነው። ከላሊበላ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትምህርት ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሯል። ቀጭን፣ ረጅም፣ በበጋም በክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። የሚያናድድ ጠባይም አለው፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ካየ አያልፍም። የሱቅ ማስታወቂያ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ ሲያርም በዓይኔ አይቻለሁ። ባለሱቁ ሸዕባን "መምህር፣ ስኳሩን ይግዙኝና ፊደሉን ይተዉልኝ" ይለው ነበር። ሰጠኝ ስኳሩንም ይገዛል፣ ፊደሉንም አይተውም።

ከሁሉ የሚወደው የዓርብ ዜናውን ነበር። ዓርብ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በኋላ በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ የሚነበብ፣ ከዚያም ቢሮው በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። "የአምስተኛ ለ ክፍል በር ማጠፊያው ተሠርቷል። ሰማያዊ ሹራብ የጠፋበት ተማሪ ጥበቃውን ይጠይቅ። በእግር ኳስ ስድስተኛ ክፍል ሰባተኛን አሸንፏል፤ ሰባተኛዎች ዳኛው አድልቷል ብለዋል።" እንዲህ ያለ ነው። እኛ መምህራን በሻይ ሰዓት እንስቅበት ነበር። ልጆቹ ግን ቃል በቃል ይዘውት ቤት ይገቡና ለወላጆቻቸው ይነግራሉ። በዙሪያችን ባሉት መንደሮች አንድ ነገር "በዜና ተነግሯል" ከተባለ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ሰጠኝም ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው አንዲት አንቀጽ ሦስት ጊዜ የሚገለብጠው።

ዜናውን የምታነበው የአብስራ ነበረች፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ የገበሬው የአቶ አረጋ ልጅ። እናቷ ገለቴ በደረት ሕመም ሞታ ሁለት ዓመት አልፏታል። የአብስራ ስታነብ የሚሯሯጠው ልጅ ሁሉ ይቆማል። ድምፅዋ ትልቅ ስለሆነ አይደለም፤ የምታነበውን ስለምታምነው ነው። ሰጠኝ ሳያፍር ያዳላላት ነበር። "ይቺ ልጅ አንድ ቀን በሬዲዮ ትሰማለች፤ ያኔ እኔ አስተምሬያታለሁ ብዬ ሰው አስቸግራለሁ" ይለኝ ነበር። እኔ ሳይንስ የማስተምረው ሰብሌ ነኝ፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው።

በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ዓ.ም. መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ዜናውም ቆመ። ሰጠኝ ጃንጥላውን ይዞ ባዶውን ግቢ ሲዞር ሳየው አንጀቴን ይበላኝ ነበር። ሰኔ ሲገባ ግን ፊቱ በራ። እሑድ ሰኔ አሥራ አራት ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል፣ በእኛ ሰማይ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና ትታያለች ተባለ። "ሕዝቡ ዓይኑን እንዳያጣ ማስጠንቀቅ አለብን" ብሎ ተነሳ። ከወረዳም ከጤና ጣቢያም ያገኘውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቦ ለቤተሰብ የሚሆን ማሳሰቢያ ሲጽፍ ሰነበተ።

ጥሩ ማሳሰቢያ ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። በባዶ ዓይን ማየት ዓይንን እንደሚያቃጥል፣ ሲቃጠል ደግሞ እንደማያም ጽፏል። ጨረቃዋ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ስለማትሸፍናት ቀለበት በሆነችበት ደቂቃም እንኳ ቀና ብሎ ማየት እንደማይቻል ጽፏል። በሳፋ ውሃ ሞልቶ ጥላዋን ማየትም እንደማይሆን፣ ይልቅ ካርቶን በመርፌ በስቶ፣ ጀርባን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ መሬት ላይ የሚወርደውን ብርሃን ማየት እንደሚሻል አስረድቷል።

ሐሙስ ቀን ልብስ ሳጥብ ቤቴ መጣ። የፈረንጅ ቱሪስት በመቅረቱ ሥራ ከፈታ አንድ አስጎብኚ አራት የግርዶሽ መነጽር አግኝቷል። አንዱን ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን ለቀበሌው፣ አንዱን ለእኛ ለመምህራን፣ አራተኛውን ለየአብስራ መድቧል። "ለመንደሯ ልጆች እያዞረች ታሳይ። ለሌላው ሕዝብስ? ከዓለም ሁሉ እኛ ላይ የመጣን ነገር መሬት መሬት እያየ ይለፈው?" አለ። ከዚያ ጠየቀኝ። "ሰብሌ፣ አንቺ የሳይንስ ሰው ነሽ። የራጅ ፊልም ይሆናል? በልጅነታችን በራጅ ሲያዩ አይቻለሁ።"

እጄ አረፋ ውስጥ ነበር። ቀና እንኳ አላልኩም።

"ይሆናል መሰለኝ፤ ጥቁር አይደል?" አልኩት።

ዓርብ የቅዱስ ላሊበላ በዓል ነበር። ከሥርዓቱ በኋላ በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ አባቶች ፈቅደው፣ የአብስራ ማሳሰቢያውን በድምፅ ማጉያ አነበበች። መጨረሻ ላይ "መነጽር ያላገኘ ሰው በራጅ ፊልም ማየት ይችላል" የሚል አንድ መስመር ነበረ። እሱንም እንደ ሌላው ጥርት አድርጋ፣ አምናው አነበበችው። ሰጠኝ መነጽሩን በእጇ ሰጣትና "ይህ ያንቺ ነው" አላት።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ማልዶ ወጥቶ ሕዝቡ ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሰጠኝ የመምህራኑን መነጽር ይዞ ትምህርት ቤቱ ጋ ነበር። ብርሃኑ መደብዘዝ ሲጀምር የአብስራ መነጽሩን አወጣች። አጠገቧ መሪጌታ ቆመዋል። እንግዲህ እዚህ አገር ያደገ ሰው ቀጥሎ የሆነውን ለማወቅ እዚያ መገኘት አያስፈልገውም። አንዲት ልጅ ሽማግሌዎች ቆመው እያሉ አንድ ነገር ለራሷ ይዛ አታይም። በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ "ይቅደሙ አባ" አለች። መሪጌታ አዩና መረቋት፤ ከዚያ ለአጠገባቸው ላሉት አባት ሰጧቸው። ከአንዱ ሽማግሌ ወደ ሌላው ሄደ። ሁሉም ተገርሞ፣ አማትቦ፣ ጊዜ ወስዶ አየ። እኔም ደረሰኝ፤ እኔም አየሁ። ቀለበቱ የቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ያን ደቂቃ መነጽሩ በእኔና በአንድ የማላውቃቸው አዛውንት እጅ ነበር። ልጅቷ የት ደረሰች ያለ አልነበረም። እሷም ስጡኝ አላለችም።

ሰጠኝ ያንን ሁሉ ሲጽፍ ያላሰበው ይህንን ነበር። መነጽሩን ለልጅ መስጠት ለሽማግሌዎች መስጠት መሆኑን ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ያስተማረ ሰው ማወቅ ነበረበት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እናደድበታለሁ። በራሴ የምናደደውን ያህል ግን አይሆንም።

ማክሰኞ አቶ አረጋ መልእክት ላኩብን። ልጅቷ የምታየው ነገር መሐሉ ላይ ጭጋግ ሆኖባታል። ሰጠኝና እኔ ተያይዘን ሄድን፤ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። አባቷ እርሻ ላይ ነበሩ፤ የአብስራ ብቻዋን መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየን ተነስታ ሰላም አለችን፤ እጇን የዘረጋችው ግን ትንሽ ወደ ጎን ነበር።

"በምንድን ነው ያየሽው?" አላት ሰጠኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች። ከዚያ "በባዶ ዓይኔ" አለች።

የሰጠኝ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። አዝኗል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ቀልሎታል። እኔም ቀለለኝ። "እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ፤ ራስሽ አንብበሽ የለም ወይ?" ብሎ ተቆጣት። አንገቷን ደፋች።

ሐኪም ዘንድ ወልድያ ድረስ ተወሰደች። ብርሃኑ የዓይኗን የውስጥ መጋረጃ አቃጥሎታል፤ መድኃኒት የለውም፤ በወራት ውስጥ በራሱ ሊሻለው ይችላል፤ ላይሻለውም ይችላል ተባለ። ግራው ጥቂት ተሻለው። ቀኙ ግን እንደዚያው ቀረ። ዳር ዳሩን ታያለች፤ ቀጥታ ያየችው ነገር ነው የሚጠፋባት። መጽሐፍ ስትከፍት የምትፈልገው ፊደል ይጠፋና የማትፈልገው በዙሪያው ይቀራል። አንዲት ገጽ ለመጨረስ አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃትም።

ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰጠኝ የመጀመሪያውን የዓርብ ዜና በሌላ ልጅ አስነበበ። ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጭምብል፣ ስለ ተቀደደው የመረብ ኳስ መረብ ነበረበት። መሐል ላይ ይህ ነበረበት፦ "በሰኔ ወር የተላለፈውን ማሳሰቢያ ሳትከተል ቀርታ ዓይኗ የተጎዳ ተማሪ ስላለች፣ ተማሪዎች በዜና የሚነገረውን በጥሞና እንድታዳምጡ።" ስሟን አልጠራም። ስድስት መቶ ልጅ ግን ዞሮ አያት። የአብስራ ሰልፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ሰማችው። ክፉ ሰው አይደለም ሰጠኝ፤ ለልጆቹ ይጠቅማል ብሎ ነው። ያን ቀን ግን አንቄ ብይዘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እኔም በደንብ አላወቅኩትም።

ኅዳር ላይ አቶ አረጋ ቢሮ መጡ። ልጃቸውን ሊያስወጡ ነው። ማንበብ ካልቻለች ቤት ትርዳኝ፣ ታናናሾቿም አሉ አሉ። ሰጠኝ ተናደደ። "ልጅቷ እኮ የሚባለውን ብትሰማ ኖሮ ዛሬ እዚህ አንደርስም ነበር" አላቸው።

አቶ አረጋ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"መምህር፣ ልጄ አንቱን ያልሰማችበት ቀን የለም" አሉ። "በእናቷ ራጅ ነው ያየች። ገለቴ ወልድያ የተነሳችው፣ ሣጥን ውስጥ ነበር። በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ሄደች፤ ምናልባት መነጽሩ ካልደረሰኝ ብላ። አጥሩ ሥር ተቀምጣ እስኪያልቅ ድረስ ስታይ ቆየች። ይሆናል ብላችኋል አይደለም እንዴ?"

"መነጽሩስ? በእጇ ሰጥቻት?"

"እሱንማ ለአባቶች ሰጠቻ። ልጅ ሆና ይዛ ትቅር?"

ሰጠኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔ ደብተር ማረሜን ቀጠልኩ፤ የማርመውን አላየሁትም። ከዚያ የአብስራን አስጠራት። አባቷ ፊት "ለምን ዋሸሽኝ?" አላት፤ ቁጣ አልነበረበትም።

"ቤት የመጡ ቀን ድምፅዎ ፈርቶ ነበር" አለች። "የእኔ ዓይን እንደሆነ የሆነው ሆኗል። እርስዎን ሰው እንዳይስቅብዎ ብዬ ነው።"

ሰጠኝ ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የአብስራ "እባክዎን ይተዉት፤ ለማንም አይናገሩ" አለችው። አባቷም ትቆይ እንግዲህ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ትሞክር ብለው ወጡ።

ዓርብ ዜናውን ራሱ ይዞ ወጣ። ወረቀቱ በድምፅ ማጉያው ይንኮሻኮሻል። "እርማት" ብሎ ጀመረ። "በሰኔ ወር ባወጣሁት ማሳሰቢያ በራጅ ፊልም ፀሐይን ማየት ይቻላል ብያለሁ። ስሕተት ነው። አይቻልም። በጥቅምት ወር አንዲት ተማሪ ማሳሰቢያውን አልተከተለችም ብያለሁ። እሱም ስሕተት ነው። ተማሪዋ ያየችው እኔ በነገርኳት መንገድ ነው። ዓይኗ የተጎዳው ስላመነችኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ፣ የመምህር ሰጠኝ፣ ብቻ ነው።"

የእኔን "ይሆናል መሰለኝ" አላነሳም። ከዚያ በፊትም በኋላም፣ ለብቻችን ስንሆን እንኳ፣ አንስቶብኝ አያውቅም።

ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ የአብስራ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ዓይኗ ሲጠፋ ያላለቀሰች ልጅ፣ ሰልፍ ላይ ሁሉም ዞሮ ሲያያት ያላለቀሰች ልጅ፣ ፊቷን ግድግዳው ላይ ደፍታለች። እኔ ሞኟ ላጽናናት ነው። "ደስ ሊልሽ ይገባል እንጂ፤ እውነቱ ወጣልሽ" አልኳት።

"ቲቸር፣ የራሴ ጥፋት ነው ስል እኮ ይቀለኝ ነበር" አለች። "የምጠላው ሰው አልነበረኝም። አሁን መምህር ሰጠኝን ልጠላቸው ነው?"

እኔን ጥይኝ ማለት ነበረብኝ። እሱ ጠይቆኝ ነው፤ ልብስ እያጠብኩ ቀና ሳልል የመለስኩለት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አጠገባችን ሰው አልነበረም፤ ጊዜም ነበረኝ። አላልኩም። ፊቷን በነጠላዬ ጠረግኩላትና እጇን ይዤ ክፍል አስገባኋት። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።